ወይዘሪት ዛሬ አትነሳም

አቧራው ገና አልሰከነም። የጩጬ ባለሦስት እግር ብስክሌት በግቢው ግንብና በመኪናዋ ጀርባ መካከል ገብታ ተጨፍልቃለች፤ አንደኛው ጎማዋ ብቻ ወደ ሰማይ ተንጋሎ ይሽከረከራል። ጩጬ ራሱ ውሃ ጠምቶት ከብስክሌቷ ወርዶ ወደ ቧንቧው ከሄደ ቅጽበት አልሞላውም ነበር። አሁን ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ አፉን ከፍቶ ብስክሌቷን ያያል።

አያቱ ከመኪናዋ ወርደው የመጋዘኑን ምሰሶ ተደግፈዋል። ሞተሩን ግን አላጠፉትም፤ እዚያው ይንተከተካል። የጩጬ እህት ቡሎን ከጎን ወንበር ዘላ ወረደች፣ በመሪው በኩል ዞረች፣ ግማሽ አካሏን አስገብታ ቁልፉን አጠፋች። ቁልፉን ለመንቀል ስትታገል እናቷ ከወጥ ቤት እየሮጠች ወጣች።

እናቷ መጀመሪያ ጩጬን አየች። ቀጥላ ብስክሌቷን። ከዚያ መሪው ላይ የተደፋችውን የአሥራ አራት ዓመት ልጇን።

«አንቺ ነሽ?»

ቡሎን ቀና ብላ አያቷን አየች። እሳቸውም ወደ እሷ ያያሉ፤ የሚያዩት ግን እሷን አይመስልም። ከአፍታ በፊት «አንደኛ ነበር ያስገባሁት» ብለው ነበር፣ ለራሳቸው፣ በጣም ቀስ ብለው። «አንደኛ ነበር።»

«አንቺ ነሽ ወይ ነው የምልሽ!»

ሰሞኑን አያቷ መርሳት አብዝተዋል። መነጽራቸውን አጥልቀው መነጽር ይፈልጋሉ፤ የተናገሩትን ይደግማሉ። እናቷ «ዕድሜ ነው» እያለች ታልፈዋለች። አንድ ቀን ግን ቡሎን እየሰማች «መኪናዋ ላይ አንዲት ነገር ከሳተ ቁልፉን እቀበለዋለሁ። ቢለምነኝም አልሰማው» ብላ ነበር። እናቷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ቡሎን። «ላስነሳት ስል... ማርሹ ተሳሳተብኝ።»

እናቷ ጩጬን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የተናገረችው ብዙ ነው፤ ከመካከሉ ቡሎን የሰማችው «ምን ቆርጦሽ!» የሚለውን ብቻ ነበር። አያቷ ምሰሶውን እንደተደገፉ የሚሽከረከረውን ጎማ ያያሉ።

መኪናዋ ወይዘሪት ትባላለች። ሰማያዊ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት የድሮ የስፖርት መኪና ናት። አያቷ በጎረምሳነታቸው የሱቅና የሆቴል ሰሌዳ ጸሐፊ ነበሩ። ታዲያ አንድ ባለ ሆቴል ሰሌዳውን፣ የክፍሎቹን ቁጥርና የግድግዳውን ሥዕል ሁሉ ካሠራቸው በኋላ፣ በክፍያ ፈንታ ጓሮው ውስጥ ዶሮ ያድርባት የነበረችውን ይህችን መኪና ሰጣቸው። ጓደኞቻቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባቸው። እሳቸው ዶሮዎቹን አስወጥተው፣ ኩሱን ፍቀው፣ አንዱን ዕቃ ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ለምነው አስነሷት። ከዚያ ወዲህ ሌላ መኪና አልገዙም፤ አልተመኙምም። ቀለሟ በፈዘዘ ቁጥር በገዛ ብሩሻቸው ይቀቧታል። ከኋላዋ ስሟን በቀጭን ነጭ ፊደል የጻፉትም ራሳቸው ናቸው።

ስሙ ለሰፈሩ ቀልደኞች ሲሳይ ነበር። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወይዘሪት! ባል ጠፋላት እንዴ?» ይሏቸዋል። ሴት አያቷ በሕይወት ሳሉ ደግሞ «እኔን በአንድ ቀን ወይዘሮ አደረገኝ፤ እሷን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ወይዘሪት ይላታል» እያሉ ሰው ያስቁ ነበር። የጎኑ ወንበር የእሳቸው ነበር። ማስቲካ ያኝኩና፣ ባላቸው እንዳያዩ፣ ከፊታቸው ካለችው የዕቃ ሣጥን ስር ይለጥፉታል። ከሞቱ በኋላ አያቷ መኪናዋን ሲያጸዱ ያ ሁሉ የደረቀ ማስቲካ ጣታቸው ስር ገባ። መፋቂያ አነሱ፤ ጥቂት ያዙት፤ መልሰው አስቀመጡት። ማስቲካው አሁንም እዚያው ነው።

ሁለት ወንበር እንግዲህ ለሁለት ሰው ነው። የቡሎን እናት ስትወለድ ቤተሰቡ ሦስት ሆነ፤ መኪናዋ ግን ወንበር አልጨመረችም። «እኔ ያደግሁት ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ የዚህችን መኪና ጀርባ እያየሁ ነው» ትላለች እናቷ፣ የምትቀልድ በሚመስል ድምፅ። ቀልድ እንዳልሆነ ቡሎን ታውቃለች። እናቷ በመኪናዋ አጠገብ ስታልፍ እጇን እንኳ አታሳርፍባትም።

ቡሎንን ቡሎን ያሏት አያቷ ናቸው። ገና በዳዴ ሳለች መጋዘን ገብታ አንድ ቡሎን ጨብጣ፣ ቢያባብሏትም ቢቆጧትም አልለቅም አለች። «ይህች ልጅ ራሷ ቡሎን ናት፤ አንዴ ከጠበቀች አትፈታም» አሉ፤ ስሙ በዚያው ጸና። ካንዴላ ማጽዳቱን፣ ዘይት መለካቱን፣ የመኪናዋን ዓመል ሁሉ አስተምረዋታል። ከዓመሏ ክፉው ማርሿ ነው። የኋላ ማርሿና አንደኛዋ ጎን ለጎን ናቸው፤ ዱላውን ጫን ብለው ከገፉት ወደ ኋላ፣ ሳይጫኑ ከገፉት ወደ ፊት ትሄዳለች። «ይህንን ራስ አይችለውም፤ እጅ ነው የሚያውቀው» ይሉ ነበር አያቷ። አሁን እጃቸውም ከዳቸው።

ሌላም ልማድ አለ። በወጣትነታቸው ጊዜ እንዲህ ያለች መኪና ለሌባ ዓይን የምትጥል ነበረች። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ኮፈኑን ከፍተው፣ የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን አንስተው፣ ሮተር የምትባለውን ከአውራ ጣት የማትበልጥ ቁራጭ ይነቅላሉ። እሷ ከሌለች ለካንዴላዎቹ እሳት አይደርሳቸውም፤ ሞተሩ ቢያጓራም አይነሳም። ሮተሯን በመሐረብ ጠቅልለው ከሸሚዛቸው የደረት ኪስ ይከቷታል። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ኪሳቸው ውስጥ ነበረች። እነዚያ ሌቦች አርጅተው ሞተው ይሆናል፤ አያቷ ግን ዛሬም ሮተሯን ሳይነቅሉ አያድሩም።

ብስክሌቷ በተጨፈለቀች ማግስት አያቷ ቡሎንን በረንዳ ላይ ለብቻዋ ጠሯት።

«ለምን እንዲያ አልሽ?»

«ቁልፉን ትወስድብዎታለች ብዬ ነዋ።»

አያቷ አቀርቅረው ጣቶቻቸውን አዩ። ስንት ሰሌዳ ያለ ማስመሪያ የጻፉ ጣቶች ናቸው። «ይህን ውለታሽን» አሉ፣ «መቼም ቢሆን አልረሳውም።»

ቡሎን ደስ አላት። እናቷ መጋዘኑ ደጃፍ ድርሽ እንዳትል ከልክላታለች፤ ቢሆንም ቻለችው። ምሳ ላይ አያቷ ከእናቷ ጀርባ ጠቀስ ያደርጓታል፤ እሷም ሳቋን በጉርሻ ታፍናለች። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ነበር። እንደገና አንዲት ቀን መኪናዋን አብረው እንደሚያስነሷት ታስብ ነበር።

ጥቅሻው እያነሰ መጣ። ከዚያ ቀረ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጋዘኑ በር ላይ አዲስ የጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየች። አያቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ይህ ቁልፍ ደግሞ ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ» አሉ ሳያይዋት።

«ለእኔ?»

«ልጁን ልትገድይው ነበር እኮ! እኔው አስተምሬሽ፣ እኔው አምኜሽ! ካንቺ አልጠብቅም ነበር።»

ቡሎን ሳቀች፤ የቀለዱ መስሏት ነው። ጥቅሻውን ጠበቀች። አያቷ ግን ፊታቸውን አዙረው አዩዋት፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለው የምር ቅሬታ ነበር። የሚያምነውን የመጨረሻ ሰው እንደታዘበ ሰው ነበር የሚያዩዋት።

«አባባ... እኔ እኮ አይደለሁም» አለች በሹክሹክታ። «እርስዎ ነበሩ መሪው ላይ። እናቴን የዋሸኋት እኮ...»

«ጭራሽ ደግሞ በእኔ ላይ! ሂጂ፣ ሂጂ ከፊቴ!»

ሄደች። ክፍሏ ገብታ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተደፋች። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት። ያን ቀን ያለቀሰችው ስለተቆጧት አልነበረም። አልረሳውም ያሉት ውለታ ከራሳቸው ውስጥ ወጥቶ ስለጠፋ፣ በቦታው ደግሞ ያልሠራችው ጥፋት ስለተቀመጠበት ነበር።

እውነቱን ከእሷ ሌላ የምታውቀው ሬዲዮ ብቻ ናት። ሬዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ስሟን ያወጡላት አፏ ስለማያርፍ ነው።

«ንገሪያታ በቃ!» አለች ሬዲዮ፣ በዕረፍት ሰዓት አጥሩ ጥግ ተቀምጠው። «አቦ ምን ታካብጃለሽ? እማዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው። አለቀ።»

«ቁልፉን ከወሰደችባቸው እኮ ያልቅላቸዋል። መጋዘኑ ውስጥ ሲሆኑ ነው እሳቸው እሳቸውን የሚመስሉት። ቤት ውስጥ እኮ አንዳንዴ የመታጠቢያ ቤቱ በር ይጠፋቸዋል።»

«ካልነገርሻትስ?»

ቡሎን ከአጥሩ ሥር ሣር ትነቅል ጀመር። ሬዲዮም፣ ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጠፋች።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጩጬ ልደት እሑድ ነበር፤ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። እራት ላይ አያቱ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «እሑድ ወንበሩ የአንተ ነው። በወይዘሪት አንሸራሽርሃለሁ፤ እስከ ወንዙ ድልድይ ደርሰን እንመለሳለን» አሉት። ጩጬ ጠረጴዛ ስር ገብቶ ጮኸ፤ ሲደሰት እንዲያ ነው።

ቡሎን እናቷን አየች፤ አይሆንም እስክትል ጠበቀች። እናቷ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

«ይሂድ» አለች። «እኔ ያላገኘሁትን ወንበር ልጄ እንኳ ያግኘው።»

ሳህን ሲያጥቡ ቡሎን ተጠጋቻት። «እማዬ... ጩጬ ባይሄድስ?»

«ለምን?»

«አባባ አርጅተዋል እኮ።»

«አባዬ ከእኔ ዕድሜ በላይ ሲነዳት ሰው አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ብስክሌቷን የጨፈለቅሽው አንቺ፤ ስሙ ለእሱ!» እናቷ ሳህኑን ከእጇ ተቀበለቻት። ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ቀንተሽ ከሆነ አልፈርድብሽም። እኔም በዚህች መኪና ስቀና ነው ያደግሁት። ግን የአንድ ቀን ደስታውን አትንሺው።»

ቡሎን ቀጣዩን ሳህን አነሳች። ከዚህ በኋላ ብትናገርም የቅናት ወሬ ነው የሚመስለው። እውነቱ የእሷ ውሸት ስር ተቀብሯል፤ ጩጬ ደግሞ በእሷ ውሸት ምክንያት መኪናዋ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። የወንዙ ድልድይ መከታው ዝቅተኛ ነው።

እሑድ ጠዋት አያቷ ቧንቧው ጋ ጺማቸውን ይላጫሉ። ነጭ ሸሚዛቸው በረንዳው ላይ ወንበር ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፤ የደረት ኪሱ ትንሽ አበጥ ብሏል። ቡሎን ግራ ቀኝ አየች። መሐረቡን አወጣች፣ ፈታችው፣ ሮተሯን ወሰደች፣ መሐረቡን እንደነበረ አጣጥፋ መለሰችው። ሮተሯ ከደረቅ ዘይት ጋር የአያቷን የመላጫ ሳሙና ትሸታለች። ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ይፈልጉ፣ ይድከማቸው፣ ጉዞው ይቅር፣ ማታ ቦታዋ ትመለሳለች። ማንም አይጎዳም።

ወይዘሪት ከመጋዘኑ ደጃፍ በግፊያ ወጥታ፣ ሸራዋ ተገልጦ ፀሐይ ላይ ቆማለች። አያቷ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። ጩጬ ጸጉሩ በውሃ ተለጥፎ የጎኑ ወንበር ውስጥ ሰምጧል፤ ግንባሩና ሁለት ዓይኑ ብቻ ይታያሉ። እናቷ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አዘጋጅታለች።

አያቷ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ አጓራ፤ አልተነሳም። ደገሙት። እንደገና ደገሙት። ጩጬ «ተነሺ! ተነሺ!» ይላል። አያቷ ግራ ገብቷቸው ቁልፉን አዩ፤ ከዚያ በድንገት ፊታቸው በራ። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና «ሮተሯን!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «ሮተሯን ሳልገጥማት እኮ ነው! ተነሺ ብላት በምኗ ትነሳ!»

ወረዱ፤ ኮፈኑን ከፈቱ። መሐረቡን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ፊታቸው ላይ ያ ሳቅ እንዳለ፣ ፈቱት።

መሐረቡ ባዶ ነበር።

ገለበጡት። አራገፉት። የሱሪያቸውን ኪስ አንድ በአንድ አገላበጡ፣ ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ፣ ማከፋፈያውን ከፍተው ውስጡን አዩ፣ ተመልሰው መሐረቡን አዩ።

«አባዬ፣ ቤት ጥለሃት ይሆናል፤ እንፈልጋታለን» አለች እናቷ ስልኳን ዝቅ አድርጋ።

«ጥያት አላውቅም» አሉ። «በሠርጌ ቀን አልጣልኳትም። እናትሽን የቀበርኩ ቀን አልጣልኳትም።» መሐረቡን ይዘው የመኪናዋ ፓራፋንጎ ላይ ቁጭ አሉ፤ ማንም ሲቀመጥባት የሚቆጡባት መኪና ላይ። ከዚያ ለልጃቸው ብቻ የሚናገሩ መስሏቸው፣ በትንሽ ድምፅ «የጠፋችው ሮተሯ አይደለችም፣ ልጄ» አሉ። «የምጠፋው እኔ ነኝ። እየጠፋሁ ነው። ይታወቀኛል እኮ።»

እናቷ ትከሻቸውን ያዘች። ዓይኖቿ ሞልተዋል።

ቡሎን እጇን ኪሷ ከተተች። ኪሷ ውስጥ ያለችው ቁራጭ መዳፏን ትወጋታለች። ዝም ብትል ሁሉም እንዳሰበችው ያልቅ ነበር፤ ጩጬ አይሄድም፣ እናቷም ምንም አታውቅም። ነገር ግን አያቷ ስንት ነገር ረስተዋል፤ ይህችን ግን አልረሱም። ስንት የራሳቸው መርሳት ሳለ የእሷን ሌብነት ደግሞ ልታሸክማቸው ነው። መጀመሪያ የእሳቸውን ጥፋት እሷ ተሸከመች፤ አሁን ደግሞ የእሷን እሳቸው። እንዲህ እየተቀባበሉ የት ሊደርሱ ነው?

«አባባ» አለች። «አባባ፣ አልጣሏትም። እኔ ነኝ የወሰድኳት።»

መዳፏን ዘረጋች።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቷ ነበረች። «ምን አልሽ? በወንድምሽ ልደት?»

«ብስክሌቷን የጨፈለቅኋት እኔ አይደለሁም፣ እማዬ። ሞተሩን ላጠፋ ነው የገባሁት። ቁልፉን እንዳትወስጂባቸው ብዬ ዋሸሁሽ።»

«ውሸቷን ነው!» አያቷ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ይህች ልጅ ደግሞ በእኔ ላይ...» ወደ መሪው ሄደው በበሩ ላይ እጃቸውን ሰደዱና የማርሹን ዱላ ጨበጡ፤ እንዴት እንደሆነ ሊያሳዩ ነበር መሰል። እጃቸው ዱላውን ጫን ብሎ ወደ ኋላ ማርሽ ገፋው። ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩት።

«አንደኛ ነበር ያስገባሁት» አሉ፣ ለራሳቸው፣ በጣም ቀስ ብለው። «አንደኛ ነበር።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ልጁ የት ነበር?» አሉ አያቷ ቀና ሳይሉ።

«ውሃ ሊጠጣ ሄዶ ነበር» አለች ቡሎን።

«ባይጠማውስ ኖሮ?»

ጩጬ ከወንበሩ ውስጥ ሁሉንም አንድ በአንድ ያያቸዋል።

ከዚያ እናቷ በቡሎን ላይ ጮኸችባት። «እያወቅሽ! ዛሬ አጠገቡ ሊቀመጥ እያየሽ! አፍ የለሽም?» እናቷ ልክ ነበረች። ጥቂት ከጮኸች በኋላ ቡሎንን በክንዷ ስባ ወደ ራሷ አስጠጋቻት፤ አጥብቃ ያዘቻት፣ ግን ይቅር አላለቻትም። ያ ገና ነው።

አያቷ ሮተሯን ከቡሎን መዳፍ አነሱ። ቡሎን ሊገጥሟት መስሏት ደነገጠች። መሐረቡ ውስጥ አኖሯት፣ እንደ ሁልጊዜው በአራት አጠፉት፣ መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡት።

«ካንቺ ጋር ትሁን። ነገ ብጠይቅሽ እንዳትሰጪኝ።»

«ቢቆጡስ?»

«መቆጣቱንማ እቆጣለሁ። አትስጪኝ።»

«የሰጡኝ ራስዎ መሆንዎን ቢረሱስ?»

አያቷ አዩዋት። በእነዚያ ሳምንታት ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን ራሷን ያዩ መሰላት። «ያኔ ንገሪኝ» አሉ። «እንደጣልኳት እያሰብኩ አትተይኝ። ሁሉን ንገሪኝ።»

«አንሄድም እንዴ?» አለ ጩጬ።

«ወይዘሪት ዛሬ አትነሳም፣ የእኔ ልጅ።»

ጩጬ ሊያለቅስ አፉን አጣመመ። እናቷ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች። የጎኑን በር ከፍታ፣ ጩጬን ብድግ አድርጋ፣ ራሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ልጁን ጭኗ ላይ አኖረችው። ወንበሩ ከሥሯ ሲጥጥ አለ። አያቷም በመሪው በኩል ገብተው ተቀመጡ። ማንም የትም አልሄደም። ጩጬ ክላክሱን አገኘውና የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስጮኸ። እናቷ ከፊቷ ካለችው ሣጥን ስር በጣቷ ስትዳስስ አንድ ነገር ነካች፤ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእናትሽ ማስቲካ» አሉ አያቷ።

እናቷ ጣቷን እዚያው እንዳኖረች ቆየች። ቡሎን መሐረቡን ይዛ ከመኪናዋ ፊት ቆማ ሦስቱን ታያቸዋለች። ለእሷ የሚሆን ወንበር አልነበረም፤ አልፈለገችምም።

በማግስቱ ጠዋት ቡሎን በረንዳው ላይ የጫማዋን ክር እያሰረች ሳለ የአያቷን እግር ድምፅ ሰማች። ግቢው መካከል ቆመዋል። ደረታቸውን ይደባብሳሉ፤ የሱሪያቸውን ኪስ፣ እንደገና ደረታቸውን። መጋዘኑን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«ቡሎን! ሮተሬን አይተሻል?»

«አላየሁም» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ቀላል ነበረች። ጥቂት ይፈልጋሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ይረሱታል፤ እሷም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ትደርሳለች። ነገም እንዲሁ። ከነገ ወዲያም።

«እኔ ጋር ናት፣ አባባ።»

«አንቺ ጋር? ማን ሰጠሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ?» ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ሮተሬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም! አምጪ! ሌባ አሳድጌያለሁ ለካ!»

ቃሉ አመማት። እንደሚያማት ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም አመማት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው፤ አንድ ወንበር ስባ ከራሷ ፊት ለፊት አደረገችው።

«አልሰጥዎትም» አለች። «ይምጡ፣ ቁጭ ይበሉ። የጩጬ ብስክሌት ነበረች፣ ባለሦስት እግር...»

አያቷ እንደቆሙ አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው መጥተው ተቀመጡ፤ እሷም ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።